የፓራፋንጎው ቀዳዳዎች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መኪና ሊያይ ቤቴ መጣ። ያገናኘችን ልጄ ናት። ጋራዡን ከፍቼለት በሩ ላይ ቆምኩ። መኪናዋ የለበሰችውን ሸራ ገልጦ የስልኩን መብራት አበራና ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ ከሥሯ ያይ ጀመር። እዚሁ አገር የተወለደ ልጅ ነው። አማርኛውን ከእናቱ ጓዳ ነው የለቀመው፤ አንቱታ አልደረሰውም። ደግ ልጅ ስለሆነ አልከፋኝም።

«እትዬ፣ ሶ ይቺ መኪና ፌክ አይደለችም ትያለሽ?»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም» አልኩት።

«ኖ፣ ማለቴ… ብዙ ሰው ሞተር ይቀይርና ኦሪጅናል ናት ይላል። ሂስትሪዋን ቼክ ማድረግ አለብኝ። አርማ እኮ ማንም ይለጥፋል። ድሮ ያየ ሰው አለ?»

ጥያቄው ለእኔ አዲስ አልነበረም። በወጣትነቴ፣ አንድ የመጋቢት እሑድ፣ ፓሳዴና ውስጥ ሎሚ ዛፍ ሥር ቆሜ ያንኑ ተጠይቄ ነበር። ልጁን ወደ ቤት አስገብቼ ሻይ አቀረብኩለትና ባጭሩ ነገርኩት። እዚህ ደግሞ ሳልቸኩል እጽፈዋለሁ።

ኦሎምፒኩ ሎስ አንጀለስ መጥቶ የሄደበት ዓመት ነበር። ፌርፋክስ ዛሬ በአገራችን ስም የሚጠራ ሰፈር አለው፤ ያኔ ግን እንደ ሌላው መንገድ ሁሉ መንገድ ነበር። በሱዳን በኩል የመጣን ጥቂት ሰዎች በአካባቢው አፓርታማዎች ተጠጋግተን እንኖር ነበር። እኔ የእናቴ የአጎት ልጅ ከሆኑት ከእትዬ አስካለ ጋር ነበርኩ። ቀን ቀን ዌስትውድ ሄጄ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። ጌታሁን እዚያው የደንበኞችን መኪና እየተቀበለ ያቆም ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ሥራው ባትላሜራ ነበር፤ የተጨራመተ ላሜራ ቀጥቅጦ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ስቱኮ ቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አዲስ ማስመሰል። እኔ መጀመሪያ የወደድኩት እጁን ነው። ትልልቅ እጆች ነበሩት፤ የሰው ቁልፍ ሲቀበል ግን እንቁላል የሚቀበል ይመስል ነበር።

ሽማግሌ አድርጎ የላከው ጋሽ ሰይድን ነበር። ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ካሴት፣ ሽሮና የጸጉር ቅባት ባንድ መደርደሪያ ላይ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። እትዬ አስካለ ግን ጋሽ ሰይድ ስለመጡ ብቻ እሺ የሚሉ ሴት አልነበሩም።

«እዚህ አገር ሁሉም የደጃዝማች ልጅ ነው» አሏቸው። «ወንዝ የተሻገረ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ርስት ነበረኝ ይላል። ሲያድግ ያየው ሰው ካላገኘሁ ልጄን አልሰጥም።»

ሰው ተፈልጎ ተገኘ። ኢንግልዉድ የምትኖር፣ አዲስ አበባ ከጌታሁን እናት ጋር አጥር የምትጋራ ሴት ነበረች። እትዬ አስካለ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሄዱ። አባቱን፣ እናቱን፣ የአባቱን አባት፣ ልጁ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ ሳይቀር ጠይቀው ሲመለሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ «ደህና ቤት ነው» አሉ። ሰርጉ ለጥር ተቀጠረ። ጌታሁን በበኩሉ ስለ እኔ ማንንም አላስጠየቀም፤ እኔንም አልጠየቀኝም። ያኔ ጨዋነት ነው ብዬ ቆጠርኩለት።

በጥቅምት፣ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የዘንባባውን ደረቅ ቅጠል መንገድ ላይ ሲጥል፣ ጌታሁን ከአንድ ሰው ጓሮ የሞተች መኪና ገዛ። የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ካማሮ ነበረች። አፍንጫዋ ረዥም፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ቀለሟ ወይቦ የሻገተ ወይራ የመሰለ። አስጎትቶ አምጥቶ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ጀርባ አቆማት። ጋሽ ሰይድ ወጥተው አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ጌታሁን፣ ይቺን ያመጣሃት ልትቀብራት ነው?»

«ትነሣለች ጋሼ።»

«ሙት ማስነሣቱን ለእናንተ ቄሶች ትቼዋለሁ። እኔ የቆሻሻ መኪናው መግቢያ እንዳይዘጋብኝ ነው።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ይጠግናታል፣ ይሸጣታል፣ በዚያ ትንሽ ጋራዥ ይከራያል፣ በጥር እንጋባለን። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ የጋሽ ሰይድ ባለቤት የጠበሱትን የምስር ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልዬ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ላሜራ፣ መካኒኮች ፓራፋንጎ የሚሉትን፣ እየፈተገ ነበር። ላሜራው ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ድሮ አርማ ነበረበት፣ ተነቅሏል። እሱ ቁጭ ብሎ ሲበላ እኔ በትንሿ ጣቴ ቀዳዳዎቹን እየጎረጎርኩ እጫወት ነበር። ሁለቱ ልክ ናቸው። ሦስተኛው ዝቅ ብሎ አዘንብሏል። ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ዝገት መሰለኝ፤ በጥፍሬ ስፍቀው ግን ተቀርፎ መጣ፣ ያብለጨልጭም ነበር። የጥፍር ቀለም ነበር። የሴት የጥፍር ቀለም።

ያቺ ቅርፊት ጣቴ ላይ ሆና ልቤን አንድ ነገር ነካ አደረገው። የትኛዋ ሴት ናት እዚህ ጋ እጇን ያሳረፈችው? ማንስ ነድቶላት? መኪናዋ አሮጌ እንደሆነች፣ ጌታሁን ከመግዛቱ በፊት የሰው እንደነበረች አውቃለሁ። ቢሆንም ቅርፊቷን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩና ዝም አልኩ።

ጌታሁን እጁን አብሶ ተነሣ። ቀዳዳዎቹን ከውጭ በብየዳ ደፈናቸው፣ ሞረዳቸው፣ ስቱኮ ቀባ፣ እንደገና ፈተገ። ያደገበት ሥራ ነው፤ ላሜራ ላይ ቀዳዳ ሲያይ እጁ አያርፍም። ሲጨርስ እጄን ይዞ ላሜራው ላይ አስኬደውና፣ «የት ነበሩ? እስቲ አግኚያቸው» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩ። አላገኘኋቸውም። ሳቅን። ያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን ነበር፤ ሁሉም ነገር ሳይጎድል ትዝ የሚለኝ ስለዚህ ይሆናል።

ችግሩ የመጣው መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ነው። ሞተሯ ሲነሣ የጋሽ ሰይድ መደርደሪያ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንጫጩ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሥራ ይዟት ሲመጣ አንድ ፀጉሩ የነጣ ደንበኛ ድምጿን ሰምቶ ቆመ። ኮፈኑን አስከፍቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለጌታሁን እንዲህ ብሎ አስረዳው፤ ጌታሁን ለእኔ።

በዚያ ዘመን አንዳንድ የመኪና ሻጮች አዲስ መኪና ከፋብሪካ ይቀበሉና፣ ለገዢ ሳይሰጡ ሞተሩን አውጥተው ለእሽቅድድም የሚሆን ትልቅ ሞተር ያስገቡ ነበር። የራሳቸውን አርማ ለጥፈው ይሸጧታል። በከተማው ደቡብ እንዲህ የሚያደርግ ሻጭ ነበር፤ ከእጁ የወጡት ጥቂት ናቸው፣ የድሮ መኪና ሰብሳቢዎች እንደ ጽላት ይፈልጓቸዋል። ሻጩ ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል፣ ወረቀቱም አብሮት ጠፍቷል። የጌታሁን መኪና ከእነዚያ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ወይም ኋላ አንድ ጎረምሳ በጓሮው ሞተር የቀየረባት ተራ መኪና ልትሆን ትችላለች። በዓይን አይለይም። ሞተሮቹን ያስገባ የነበረው መካኒክ ግን ፓሳዴና ከልጁ ጋር ይኖራል፤ እሱ የገዛ ሥራውን ያውቃል።

ጌታሁን በሚቀጥለው እሑድ ፓሳዴና ሄደ። ሽማግሌው መካኒክ አሟቸው ስለነበር አልተነሡም። የተቀበለችው ልጃቸው ናት። ዳያን ትባላለች።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ዳያን ቤታችን ገባች። በአካል አይደለም፣ በአፍ። ዳያን እንዲህ አለች፣ ዳያን እንዲህ ነው ትላለች። ዳያን የካምቢዮውን ቁጥር አየችው፣ ጥሩ ነው አለች። ዳያን በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ሥራ ቦታ ትውል ነበር። ዳያን ዘይቱን ቀይር አለችኝ። እኔ ከመስታወት ሳጥኔ ውስጥ ሆኜ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው መኪና ሲገባ ሲወጣ አያለሁ፤ ስለ አንዱም የሚነገረኝ ነገር ኖሮ አያውቅም። እሱ ስለ ዳያን ሲያወራ ግን ዳያን ትታየኝ ነበር። በዓይነ ኅሊናዬ ጥፍሯ ረዥም ነበር፤ ቀይ ተቀብታለች።

የልደት በዓል ዕለት ነጭ የጥጥ ሻርብ ሰጠሁት። እናቴ የላከችልኝ ነበር፤ ጫፉን ራሴ ሰፍቼዋለሁ። አንገቱ ላይ አድርጎት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በሳምንቱ ሱቁ ጀርባ ሄጄ ኮፈኑን ሲወለውል አገኘሁት። ሻርቡ እጁ ላይ ነበር።

«በጣም ለስላሳ ነው» አለኝ፣ ያመሰገነኝ መስሎት። «ምንም አይጭራት።»

እሺ አልኩት። ሻርቡን አልወሰድኩበትም። በመንገዴ ላይ የነበረውን የብርቱካን ልጣጭ በእግሬ ገፋ አድርጌ ወደ ቤት ሄድኩ። እትዬ አስካለ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ራሴን አመመኝ አልኩ።

ጥር መጣ። ጌታሁን ጋሽ ሰይድን አስከትሎ ቤት መጣና ሰርጉ ትንሽ ይቆይ አለ። ተራ መኪና ሆና ብትሸጥ ጋራዥ አያስከራይም፤ እውነተኛ ከሆነች ግን ሌላ ነው። የፓሳዴናው ሽማግሌ እስኪድኑ ይጠበቅ። መኪናዋ ትጣራና ይደረስበታል።

እትዬ አስካለ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማን ትጣራና?»

«መኪናዋ እትዬ። ከየት እንደመጣች።»

«ይቺ ልጅስ ከየት እንደመጣች ታውቃለህ?»

ጌታሁን ሳቅ አለ። «እርስዎ እያሉ ምን አጣራለሁ እትዬ?»

«አየህ፣ እኔ አንተን ለማጣራት በዚህ እግሬ ኢንግልዉድ ድረስ ሄጃለሁ። አንተ ለቆርቆሮ ፓሳዴና ትመላለሳለህ። የሞተሯን ቁጥር በቃልህ ይዘሃል። የአማትህን ስም ንገረኝ እስቲ።»

ጌታሁን ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ አስካለ፣ ለእኔም የአማቴ ስም የገባኝ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው» አሉ። «እስከ ፋሲካ ይሁን በቃ። ከፋሲካ ካለፈ እኔ ራሴ መኪናዋን ለቆሻሻ መኪናው አስረክባታለሁ።»

ቀልዱ ሰርጉን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ወሰደው። ያን ማታ ስለ ቁጥሩ አሰብኩ። ሞተሯን ማን እንዳስገባላት ለማወቅ ከተማ አቋርጦ ይሄዳል። የእኔ እናት ስም ባንድ ጥያቄ ይገኝ ነበር።

በሁዳዴ አጋማሽ ሽማግሌው ተሽሏቸዋል ተባለ። ጌታሁን በመጨረሻ ሊያዩአት ነው ብሎ ሲዘጋጅ፣ «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። ደስ አለው። የምሄደው ለመኪናዋ መስሎት ነበር።

ወደ ፓሳዴና የሚወስደው ፍሪዌይ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ የፈረስ መንገድ ላይ አስፋልት ያነጠፉበት ይመስላል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ኮረብታው አረንጓዴ ሆኗል፣ ከግቢዎቹ የብርቱካን አበባ ሽታ ይገባል። ጌታሁን አንድ እጁን መሪው ላይ፣ ሌላውን ውጭ በሩ ላይ አድርጎ፣ ፈረስ እንደሚመታ ሰው ላሜራዋን መታ መታ ያደርጋት ነበር። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ዳያን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። የመካኒክ ቱታ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ባንድ እራፊ ጨርቅ አስራለች። መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ጥፍሮቿ እንደ ወንድ ያጠሩ ናቸው፤ በጥፍሮቿ ሥር የተጠራቀመው ጥቁር ዘይት ነበር። ይህ ሊያረጋጋኝ ይገባ ነበር። አላረጋጋኝም። ከቀይ ጥፍር ይልቅ ያ ጥቁር ዘይት ለጌታሁን ይቀርበዋል ብዬ አሰብኩ።

አባቷ፣ ሚስተር ሬይ፣ ሎሚ ዛፉ ሥር የሸራ ወንበር ላይ ነበሩ። የግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በቀኙ ይዘውታል። ዳያን በሳህን ሳንድዊች አመጣች፣ ዳቦ በቺዝና በሥጋ። ጌታሁን እያወራ አንዱን አንሥቶ ገመጠ። እኔ ሳህኑን ወደ ጎን አልኩት።

«እሷ ለምን አትበላም?» አለች ዳያን።

«ጾም ነው» አለ ጌታሁን፣ አፉ ሞልቶ። «እስከ ፋሲካ ሥጋ አንበላም።»

ዳያን እጁ ላይ ያለውን ዳቦ አየች። «አንተስ?»

ጌታሁንም ዳቦውን አየው። ያስቀመጠው ቀስ ብሎ ነው። ጆሮው ቀላ። ሽማግሌው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። እነ ዳያን ጓሮ ውስጥ ጾሙን እስኪረሳ ድረስ ቤተኛ ሆኗል ማለት ነው።

ሚስተር ሬይ ተነሥተው መኪናዋን ዞሯት። ሞተሩን አዩ፣ አጎንብሰው ሻሲውን አዩ። «ሊሆን ይችላል» አሉ። ከዚያ ፓራፋንጎው ጋ ቆሙ። ላሜራውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ቀዳዳዎቹ የታሉ?»

ያኔ ነው ለጌታሁን የገባው።

«ደፈንኳቸው» አለ።

«ምን?»

«አላስፈላጊ ነበሩ… ደፈንኳቸው። በብየዳ። የምሸጣት መኪና ናት፤ ቀዳዳ ያላት መኪና ማን ይገዛል?»

ዳያን እጆቿን አጣመረች። ፊቷ ተለወጠ፤ ድምጿም እንደ እሑዶቹ ወዳጅ አልነበረም። ሻጩ አርማውን የሚለጥፈው በእጅ በተበሳ ቀዳዳ እንደነበረ፣ መኪናዋን የሚለያት ያ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። «ሁሉም ሰው ነበረ ይላል» አለች። «አምናም አንዱ እንዲህ ብሎኛል። ብንፍቀውና ብናገኘውስ? ቀዳዳውን የበሳኸው አንተ ራስህ ባለፈው ወር ሊሆን ይችላል።»

ጌታሁን ትልልቅ እጆቹን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተ። ከፊቴ ያለው ሰው ጋራዡንና ሰርጉን ባንድ ስቱኮ ደፍኖ የቆመ ሰው ነበር።

ሚስተር ሬይ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷን ጠይቋት።»

«እሷ መኪና አታውቅም» አለ ጌታሁን።

«ለዚህ ነው። ደግሞ ይቺን መኪና ትጠላታለች። ስትወርድ በሩን የዘጋችው በክርኗ ነው። የጠላ ሰው ለመኪና አይዋሽም። አንተ ወደ ቤት ግባ።»

ጌታሁን ወደ እኔ አየና ገባ። ሽማግሌው ቀረብ አሉ። «ሳይደፈኑ አይተሻቸዋል? አይተሽ ከሆነ ምን አየሽ?»

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። መኪናዋ በርካሽ ትሸጣለች፣ እሑዶቼ ይመለሱልኛል፣ የዳያን ስም ከቤታችን ይወጣል። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ዳያን እጆቿን እንዳጣመረች ቆማ፣ ትምህርቷን ያላጠናች ልጅ እንደምትታይ ታየኝ ነበር። ይህቺ ምን ታውቃለች የሚል አስተያየት ነበር። እነዚያን ሁሉ እሑዶች ከጌታሁን ጋር ያወራች እሷ ናት። ያቺን ቅዳሜ ግን አታውቃትም። ያቺ ቅዳሜ የእኔ ናት።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ልክ ናቸው። ሦስተኛው ወደ ታች ወርዷል፣ እንዲህ አዘንብሏል።» በእጄ አሳየሁ።

የሽማግሌው ግራ እጅ በቀኙ ውስጥ ተወራጨ። «ግራኝ ነኝ» አሉ። «መጨረሻው ላይ የመብሻው ትራፓኖ ያመልጠኛል። ሌላስ?»

የጥፍር ቀለም በእንግሊዝኛ ጠፋኝ። ጥፍሬን አሳየኋቸውና፣ «ቀይ» አልኩ። «የሴት። ጠርዙ ላይ።»

ሚስተር ሬይ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ የሚያስሉ መሰለኝ፤ እየሳቁ ነበር። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። «ዶሪስ» አሉ።

ዶሪስ ሟች ሚስታቸው ናት። የተበሳ ላሜራ ጠርዙ ካልተቀባ ይዝጋል፤ ቀለም ቤቱ ደግሞ ከግቢው ማዶ ነበር። እዚያ ድረስ መሄድ ሲሰለቻቸው የሚስታቸውን ቀለም ከቤት ይዘው መጥተው ኪሳቸው ያኖሩ ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ መካኒክ በኪሱ የጥፍር ቀለም ይዞ ቢገኝ መሳቂያ ነው።

ዳያን እጆቿን ፈታች። «እማማ ለሌላ ሴት የምትሰጠው መስሏት ነበር» አለች። «ስንት ዓመት ስትቆጣህ።»

«ነግሬያት ነበር። አላመነችኝም።»

ዳያን ትንሽ መስታወትና ባትሪ አምጥታ መሬት ላይ ተኛች። በጎማው በኩል ክንዷን አስገብታ ጌታሁን ከውጭ የደፈነውን ላሜራ ከጀርባው ፈለገች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ምንም ሳትናገር መስታወቱን ለእኔ ሰጠችኝና ቦታዋን ለቀቀችልኝ። በልብሴ መሬት ላይ ተኛሁ። በመስታወቱ ውስጥ፣ ዝቅ ካለው ቀዳዳ ሥር፣ ወርዳ የደረቀች አንዲት ቀይ ጠብታ ነበረች። እኔ የማላውቃት ሌላ ሴትም ይህንኑ ቀለም ይዛ ስትቀና እንደኖረች አሰብኩ። ልነሣ ስል ዳያን እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ዘይት ነበረው።

ስንመለስ ጌታሁን ፍሪዌዩ መታጠፊያ ላይ፣ «ስለ ቀዩ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ማን እንደሆነች መስማት አልፈለግኩም።»

ከዚህ የበለጠ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ተናግሬ አላውቅም። ሊስቅ ነበር፣ ተወው። እጁን ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ መለሰ።

«የጥፍር ቀለም መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ያብለጨልጫል። እናቴ እንሶስላ ትሞቅ ነበር፤ እንሶስላ አያብለጨልጭም።»

ጥቂት ነዳ። «እናትሽ ማን ይባላሉ?»

ነገርኩት። የእናቷን ስም ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት። ፌርፋክስ እስክንደርስ ድረስ ጠየቀኝ፤ እስከ አራት ትውልድ ከደረስን በኋላ እኔም አላውቅም አልኩት።

በዳግማይ ትንሣኤ ተጋባን። የሙሽራ መኪናዋ እሷ ሆነች፤ ቀዳዳዎቹ እንደገና ተከፍተው፣ አርማዋ በቦታው ተመልሶ፣ ሦስተኛው ብሎን አዘንብሎ። ጋሽ ሰይድ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ «ሙሽሪት የትኛዋ እንደሆነች ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ተሳስቼ እንዳልመርቅ» እያሉ ሰውን አሳቁ።

አልሸጣትም። ሊገዟት የሚመጡ ሰዎችን አንድ በአንድ መለሰ። «ከተረጋገጠች በኋላ እንዴት ትሸጣለች?» ይለኝ ነበር፣ ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ጋራዡን የተከራየው ሌላ መኪና፣ ታክሲ፣ ለዓመታት ነድቶ ነው። እሷ ከሸራዋ ሥር ተኝታ እሑድ እሑድ ትወጣ ነበር። ጣውንቴን በገዛ አንደበቴ አጸድቄ ቤቴ ያስገባኋት እኔ ነኝ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ልጆቼ ሲወለዱ ከሆስፒታል የመጡት በእሷ ነው። ጌታሁን ሲታመምም ዶክተር ጋ የሚሄደው በሌላ መኪና ነበር፤ ሲመለስ ግን ጋራዡን አስከፍቶ ሸራውን ይዳስስ ነበር።

ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ሚስተር ሬይም ዳያንም የሉም። ያን ቀዳዳ ሳይደፈን ያየ ሰው እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

ወጣቱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ጋራዡ ሮጠ። ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ካሜራ በጎማው በኩል አስገባ። እኔ ቀድሞ የቆምኩበት በር ላይ ቆምኩ።

«ኦኬ… ኦኬ… እትዬ! አየሁት! ቀይ ነው!» ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ጠብታዋ እዚያው ነበረች። አልደበዘዘችም።

«በጣም ትወጃት ነበር አይደል?»

«አልወዳትም ነበር» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በሳምንቱ በጭነት መኪና መጥተው ወሰዷት። ሲያወጧት ሞተሯን አስነሧት፤ የወጥ ቤቴ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ጭነት መኪናው ከመንገዱ ሲታጠፍ ገብቼ በሩን ዘጋሁት፤ በክርኔ አይደለም፣ በእጄ።

ጋራዡ ሰፊ ሆኗል። እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ለብዙ ዓመት ጠብ ጠብ ያለ ዘይት ክብ ሆኖ ቀርቷል። ልጄ ማስለቀቂያ ገዝታ አምጥታልኛለች፤ በመጣች ቁጥር፣ «እማዬ ዛሬ ላጥበው?» ትለኛለች።

«ቆይ» እላታለሁ።